በሁለት ዓይን የታዩ ሐውልቶች

ታሪኩ የሚጀምረው ፎቶግራፍ ለሕዝብ ይፋ ከመሆኑ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነው። በጁን 1838 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በለንደን የኪንግስ ኮሌጅ ፕሮፌሰር የነበረው ቻርልስ ዊትስተን ስለ ሰው ልጅ ዕይታ ያዘጋጀውን ጥናት ለእንግሊዝ የሳይንስ ሊቃውንት ማኅበር፣ ለሮያል ሶሳይቲ አቀረበ። ቀኝና ግራ ዓይናችን አንድን ነገር የሚያዩት ከተለያየ ቦታ ስለሆነ ሁለቱ የሚያዩት ምስል ፍጹም አንድ አይደለም፤ የነገሩን ጥልቀት የምንረዳው አእምሯችን ሁለቱን ሲያዋህዳቸው ነው ሲል አስረዳ። ነገሩንም በቃል ብቻ አልተወውም። ሁለት መስታወቶችን አንግል ሠርተው እንዲቆሙ አደረገና በግራና በቀኝ በኩል በጥቂቱ የሚለያዩ ጥንድ ሥዕሎችን አስቀመጠ። በመስታወቶቹ የተመለከተ ሁሉ ወረቀት ላይ የተሰመሩት መስመሮች ኪዩብና ፒራሚድ ሆነው ከፊቱ ሲቆሙ አየ። ዊትስተን መሣሪያውን ስቴሪዮስኮፕ አለው።

መሣሪያው ይሠራል፤ የሚታይበት ነገር ግን አልነበረም። ኪዩብ በማስመሪያ ሁለት ጊዜ ይሣላል። የሰው ፊት፣ የልብስ እጥፋት፣ የጸጉር ዘለላ ግን አንዴ ከቀኝ አንዴ ከግራ ዓይን አንጻር፣ ያለ አንዳች ስሕተት ሁለት ጊዜ ሊሥል የሚችል እጅ አልተፈጠረም። መፍትሔው በ1839 መጀመሪያ መጣ። በፓሪስ ሉዊ ዳጌር፣ በእንግሊዝ ሄንሪ ፎክስ ታልቦት ብርሃን ራሱ ምስል የሚቀርጽባቸውን ሁለት የተለያዩ ዘዴዎች በተመሳሳይ ወር ይፋ አደረጉ።

ዊትስተን ጊዜ አላጠፋም። ታልቦትን ለስቴሪዮስኮፕ የሚሆኑ ጥንድ ፎቶግራፎች እንዲያነሳለት ጠየቀው፤ ከተነሱለትም መካከል በሙሉ ቁመት የተሠሩ ሐውልቶች ነበሩ። ምርጫው በአጋጣሚ የተደረገ አልነበረም። የዚያ ዘመን ፎቶግራፍ ረጅም ጊዜ ብርሃን መጠጣት ስለነበረበት በሕይወት ያለ ሰው ፊቱን ሳያንቀሳቅስ መቆየት ይቸገር ነበር። ሐውልት አይተነፍስም፣ ዓይኑን አያርገበግብም። እብነ በረድና ጄሶ ደግሞ ነጭ በመሆናቸው ብርሃኑን አብዝተው ስለሚመልሱ ምስላቸው ቶሎ ይወጣል። ታልቦት ራሱ ይህን በሚገባ ያውቅ ነበር። በላኮክ አቢ መኖሪያው የነበረውን የግሪክ አፈ ታሪክ ጀግና የፓትሮክሉስን የጄሶ ራስ ወደ ግቢ እያወጣ፣ እያዞረና ብርሃኑን እየለወጠ በተደጋጋሚ አንስቶታል፤ ከእነዚህም ሁለቱን በ1844 ማሳተም በጀመረው የፎቶግራፍ መጽሐፉ ውስጥ አካቷቸዋል።

ጥንድ ፎቶግራፍ ለማንሳት ካሜራው አንዴ ካነሳ በኋላ ወደ ጎን ይወሰድና ሌላ ይነሳል። ምን ያህል መራቅ እንዳለበት ግን ገና አልተለየም ነበር። በ1840 መጨረሻ ዊትስተን ለታልቦት በጻፈው ደብዳቤ ታልቦት አንድ ሐውልት ያነሳባቸው የሁለቱ ቦታዎች አንግል ከልክ በላይ ሰፊ መሆኑን ጠቆመው። ጉዳዩ ቀላል አልነበረም። ሁለቱ ቦታዎች በጣም ከተራራቁ ምስሉ ሲዋሃድ አፍንጫ ከልኩ በላይ ወደ ፊት ይወጣል፣ ጉንጭ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ቀራጺው ለወራት የደከመበት ልክና ሚዛን ይበላሻል። በጣም ከተቀራረቡ ደግሞ ሐውልቱ ጠፍጣፋ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ለአሥር ዓመት ያህል ነገሩ በሊቃውንት ጠረጴዛ ላይ ቀረ። የዊትስተን የመስታወት መሣሪያ ትልቅና ለቤት የማይመች ነበር። ለውጡን ያመጣው ስኮትላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ዴቪድ ብሩስተር ነው። በ1849 በመስታወት ፈንታ ሁለት ሌንሶችን የሚጠቀም፣ በእጅ የሚያዝ ትንሽ ሣጥን አስተዋወቀ። ጥንዱ ምስል በሣጥኑ ግርጌ ይገባል፤ ተመልካቹ ከላይ ባሉት ሌንሶች ያያል፤ በጎን ያለው ክዳን ሲከፈት ብርሃን ይገባል። የእንግሊዝ የመነጽር ሠሪዎች ግን ፊት ነሱት። ብሩስተር በ1850 ሐሳቡን ይዞ ፓሪስ ሄደ፤ እዚያ ዡል ዱቦስክ የተባለ የኦፕቲክስ ባለሙያ ወዲያው ተቀብሎ መሥራት ጀመረ። በእንግሊዝ የተፈለሰፈው ስቴሪዮስኮፕ ወደ ለንደን የተመለሰው የፈረንሳይ ዕቃ ሆኖ ነው።

የተመለሰበት ቦታ ግን ከዚያ የተሻለ ሊሆን አይችልም ነበር። ሜይ 1 ቀን 1851 በለንደን ሃይድ ፓርክ የዓለም አገሮች የኢንዱስትሪ ሥራ የቀረበበት ታላቁ ኤግዚቢሽን ተከፈተ። አዳራሹ ክሪስታል ፓላስ ይባላል። ጆሴፍ ፓክስተን የነደፈው ይህ ሕንፃ ከብረትና ከመስታወት የተሠራ ሲሆን ርዝመቱ ከ560 ሜትር ይበልጣል፤ የፓርኩ ትልልቅ ዛፎች ሳይቆረጡ ጣሪያው ሥር ገብተው ነበር። እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ድረስ በተቆጠሩት መግቢያዎች ከ6 ሚሊዮን በላይ ጉብኝት ተመዘገበ።

ሰው የመጣው የእንፋሎት ሞተርና የሽመና መሣሪያ ለማየት ቢሆንም ብዙዎች ደጋግመው የቆሙት ሐውልቶቹ ዘንድ ነበር። በዋናው መተላለፊያ ግራና ቀኝ የእብነ በረድ፣ የጄሶና የነሐስ ምስሎች ተደርድረዋል። በርሊናዊው ኦገስት ኪስ የሠራው፣ ፈረሷ ላይ አውሬ የወጣባት የግሪክ አፈ ታሪክ ሴት ተዋጊ፣ አማዞናዊት፣ ጦሯን ስትሰብቅ የሚያሳየው ግዙፍ ሥራ በዚንክ ተቀድቶ የነሐስ መልክ ተሰጥቶት ቀርቦ ነበር። ከሁሉ በላይ የተወራለት ግን በፍሎረንስ ይኖር የነበረው አሜሪካዊው ሃይረም ፓወርስ የቀረጸው «የግሪኳ ባሪያ» ነው። በሰንሰለት የታሰረች፣ በቱርኮች ተማርካ ለሽያጭ የቀረበች እርቃኗን የቆመች ወጣት ናት። ሐውልቱ የቆመው በቀይ መጋረጃ በተከበበ ድንኳን ውስጥ፣ በሚሽከረከር መቆሚያ ላይ ነበር፤ ተመልካቹ ባለበት ቆሞ ዙሪያዋን ያያታል።

ይህ ሐውልት የሥነ ጥበብ ክርክር ብቻ አላስነሳም። አሜሪካ ባሪያ የምትሸጥ አገር ሆና ሳለ የባሪያ ሐውልት ለኤግዚቢሽን መላኳ ብዙዎችን አስቆጣ። ጁን 21 ቀን 1851 ከባርነት አምልጠው እንግሊዝ የገቡት ዊልያም ዌልስ ብራውን እንዲሁም ዊልያምና ኤለን ክራፍት ከእንግሊዛውያን ወዳጆቻቸው ጋር ወደ አዳራሹ መጡ። ብራውን ፐንች መጽሔት ያወጣውን የአንዲት ጥቁር የቨርጂኒያ ባሪያ ሥዕል ከፓወርስ ሐውልት አጠገብ አኖረና የነጭ እብነ በረዷ ትክክለኛ ጓደኛ ይህች ናት አለ።

በዚሁ አዳራሽ የፈረንሳይ ክፍል ዱቦስክ ስቴሪዮስኮፖቹን ከነምስሎቻቸው አቅርቦ ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያ በመሣሪያው ተደነቁ፤ ብሩስተርም ዱቦስክ ያዘጋጀውን አንድ ስቴሪዮስኮፕ ለንግሥቲቱ አበረከተ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው! ንግሥቲቱ የወደዱትን ዕቃ ሹማምንቱና ነጋዴዎቹ፣ ቀጥሎም መካከለኛው የኅብረተሰብ ክፍል ፈለገው። ብሩስተር በ1856 ባሳተመው መጽሐፉ በዚያን ጊዜ የተሸጠው ስቴሪዮስኮፕ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ እንደሚገመት ጽፏል።

መሣሪያ ያለው ሰው ምስል ይፈልጋል፤ ምስሉም እዚያው አዳራሹ ውስጥ ተደርድሮ ነበር። በለንደን የሚሠራው ፈረንሳዊ አንቷን ክሎዴ ክሪስታል ፓላስን በጥንድ ዳጌሮታይፕ፣ ማለትም በዳጌር ዘዴ በተሠሩ ምስሎች፣ አነሳ። ክሎድ ማሪ ፌሪየርና ሂዩ ኦወን ደግሞ የኤግዚቢሽኑን ዳኞች ይፋ ሪፖርት ለማጀብ ከ150 በላይ ነጠላ ፎቶግራፎች አዘጋጁ፤ ብዙ ሐውልቶችም ተካተውበታል። ሁለቱን ዓይነት ጎን ለጎን ያየ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ይረዳል። በነጠላው ፎቶግራፍ ነጭ ሐውልት ከኋላው ካለው ነጭ የመስታወት ግድግዳ ጋር ይቀላቀላል፤ የብረት ምሰሶ ከጭንቅላቱ የበቀለ ይመስላል። ያው ሐውልት በስቴሪዮስኮፕ ሲታይ ከምሰሶው ተለይቶ ብቻውን ይቆማል፤ በክንዱና በጎኑ መካከል ያለው ክፍተት ሳይቀር ይለያል። ቅርጻ ቅርጽ የሚለካው በሚይዘው ቦታና በሚተወው ክፍተት ነው፤ ተራ ፎቶግራፍ የሚያሳጣው ይህንኑ ሲሆን ጥንዱ ፎቶግራፍ መልሶ ሰጠው።

የዳጌሮታይፕ ችግሩ ዋጋው ነበር። በብር የተለበጠ የመዳብ ገበታ እንደ መስታወት እስኪያብለጨልጭ ይወለወላል፣ በአዮዲን ተን ይታጠናል፣ ካሜራ ውስጥ ገብቶ ብርሃን ይጠጣል፣ በመጨረሻም በሜርኩሪ ተን ምስሉ ይወጣል። ውጤቱ እጅግ ጥርት ያለ ነው፤ የጄሶው ንቃቃት እንኳ ይታይበታል። ሆኖም እያንዳንዱ ገበታ አንድና ብቸኛ ነው፤ ቅጂ አይወጣለትም። ሁለተኛ ገዢ ከመጣ ሥራው ከሀ መጀመር አለበት።

መድኃኒቱ የተገኘው በዚያው ዓመት ነው። ፍሬድሪክ ስኮት አርቸር የተባለ፣ በሙያው ራሱ ቀራጺ የሆነ እንግሊዛዊ በማርች 1851 የኮሎዲየንን ዘዴ አሳተመ። መስታወት ላይ ኮሎዲየን የተባለው የሚጣበቅ ፈሳሽ ይፈስሳል፣ በሲልቨር ናይትሬት ይነከራል፣ እርጥብ እንዳለ ፎቶ ይነሳበታል፣ ሳይደርቅ በጨለማ ክፍል ይታጠባል። ከተገኘው የመስታወት ኔጌቲቭ በወረቀት ላይ የፈለጉትን ያህል ማተም ይቻላል። አርቸር ወደ ፎቶግራፍ የገባው ለቅርጽ ሥራው ሞዴል የሚሆኑትን ሰዎች ለማንሳት ብሎ ነበር። ግኝቱን ሌላው እንዳይጠቀምበት በሕግ አላጠረውም፤ በ1857 ሲሞት ድሃ ነበር። በሚቀጥሉት ዓመታት የታተሙት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የስቴሪዮ ካርዶች (ጥንድ ፎቶግራፍ የተለጠፈባቸው ካርዶች) ግን በአመዛኙ በእርሱ ዘዴ የተሠሩ ናቸው።

የሃይድ ፓርኩ ክሪስታል ፓላስ ፈርሶ ከለንደን በስተደቡብ በሲደንሃም ኮረብታ ላይ ሰፍቶ እንደገና ተሠራ። ጁን 10 ቀን 1854 ንግሥት ቪክቶሪያ ከፈቱት። አዲሱ ሕንፃ የሐውልት ከተማ ነበር ማለት ይቻላል። ኦወን ጆንስና ማቲው ዲግቢ ዋያት የግብጽ፣ የግሪክ፣ የሮም፣ በስፔን ያለው የአልሐምብራ ቤተ መንግሥትና የሕዳሴው ዘመን ጥበብ የሚታይባቸውን አደባባዮች አዘጋጁ፤ ከአውሮፓ ሙዚየሞች የታወቁ ሐውልቶች በጄሶ እየተቀዱ መጡ። በግብጽ ካለው ከአቡ ሲምበል ቤተ መቅደስ የተቀዱት ሁለት ግዙፍ የተቀመጡ ፈርዖኖች እስከ ጣሪያው አቅራቢያ ደረሱ። ጆንስ የአቴንሱን ቤተ መቅደስ የፓርተኖንን የግድግዳ ቅርጽ ቅጂ ቀለም ቀብቶ ስላቀረበው ነጭ እብነ በረድ የለመዱት ሁሉ ተቆጡ፤ እርሱም የጥንት ግሪኮች ሐውልታቸውን ይቀቡ እንደነበር ለማስረዳት በዚያው ዓመት መከላከያ ጽሑፍ አሳተመ። ቀሳውስት ስለ እርቃን ሐውልቶቹ ባሰሙት ተቃውሞም በርካታዎቹ የጄሶ ቅጠል ተለጠፈባቸው።

ይህ ሁሉ ከመሠረቱ ጀምሮ በፎቶግራፍ ተመዝግቧል። ፊሊፕ ሄንሪ ዴላሞት የግንባታውን ሂደት ከ1852 እስከ 1854 እየተከታተለ አነሳ፤ 160 ያህሉን በሁለት ቅጽ አሳተመ። የክሎዴ ረዳት የነበረው ቶማስ ሪቻርድ ዊልያምስ የመክፈቻውን ሥነ ሥርዓትና የአዳራሹን የውስጥ ገጽታ በጥንድ ዳጌሮታይፕ አስቀረ። ኔግሬቲና ዛምብራ የተባለው የኦፕቲክስ ድርጅት ደግሞ የክሪስታል ፓላስ ይፋ ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ የአደባባዮቹን ስቴሪዮ ምስሎች ለጎብኚዎች ይሸጥ ጀመር።

የፎቶግራፍ አንሺዎቹ ሥራ አድካሚ ነበር። ኮሎዲየን ሳይደርቅ መታጠብ ስላለበት የጨለማ ክፍሉ ከሐውልቱ ብዙም መራቅ አልነበረበትም። በአዳራሹ የሚያልፈው ሕዝብ ረጅም ብርሃን በሚፈልገው መስታወት ላይ ጭጋግ መስሎ ይቀራል፤ ስለዚህ ሥራው ጎብኚ በሌለበት ሰዓት ቢሆን ይመረጣል። ኮሎዲየን ለሰማያዊ ብርሃን የሚፈጥን፣ ለቀይና ለቢጫ ግን የሚዘገይ በመሆኑ እብነ በረዱ ሲነጣ አጠገቡ ያለው ነሐስ ይጠቁራል። በመስታወት ጣሪያ በኩል ከየአቅጣጫው የሚወርደው ብርሃን ጥላን ስለሚያጠፋም የሐውልቱ ቅርጽ ጎልቶ የሚወጣበትን ሰዓት መጠበቅ ግድ ነበር። በካርዶቹ ላይ ሐውልቶቹ ብዙውን ጊዜ በሰያፍ ተነስተው፣ ከፊታቸው የተክል ቅጠል ወይም አጥር ገብቶ የሚታዩት ባለሙያዎቹ ጥልቀት የሚፈጠረው ከቅርብና ከሩቅ ነገሮች ግንኙነት መሆኑን በመረዳታቸው ነው።

ብሩስተር በ1856ቱ መጽሐፉ ስቴሪዮስኮፕ ለቅርጻ ቅርጽ ስለሚሰጠው ጥቅም ለብቻው ጻፈ። ቀራጺ ወደ ሮም ወይም ወደ አቴንስ ሳይጓዝ የታላላቆቹን ሥራ ከነክብደታቸው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊያጠና ይችላል የሚል እምነት ነበረው። የካሜራው ሁለት ሌንሶች ከሰው ሁለት ዓይኖች ርቀት በላይ ሊራራቁ አይገባም ሲልም አጥብቆ ተከራከረ። በዚያው ጊዜ የማንቸስተሩ መሣሪያ ሠሪ ጆን ቤንጃሚን ዳንሰር ሁለቱን ምስሎች ባንድ ጊዜ የሚያነሳ ባለ ሁለት ሌንስ ካሜራ ለገበያ አቀረበ። ካሜራን ወደ ጎን ማንሸራተት ቀረ።

ገበያውን የመራው በ1854 በጆርጅ ስዋን ኖቴጅ የተቋቋመው የለንደን ስቴሪዮስኮፒክ ኩባንያ ነው። ስቴሪዮስኮፕ የሌለው ቤት አይኑር የሚል መፈክር ይዞ ተነሳ። በ1850ዎቹ መጨረሻ ዝርዝሩ ውስጥ 100,000 ያህል የተለያዩ ምስሎች እንዳሉት ያስታውቅ ነበር። ኖቴጅ በ1884 የለንደን ከንቲባ ለመሆን በቃ። ከአትላንቲክ ማዶ ደግሞ አሜሪካዊው ሐኪምና ጸሐፊ ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ በ1859 ስለ ስቴሪዮስኮፕ ሰፊ ጽሑፍ አውጥቶ እንደ መጻሕፍት ሁሉ የስቴሪዮ ምስሎችም ቤተ መዛግብት እንዲቋቋምላቸው ጠየቀ። ቀላልና ርካሽ የእጅ መመልከቻም ነደፈ፤ እንደ አርቸር ሁሉ የባለቤትነት መብት አልጠየቀበትም።

የዚህ ጥበብ ከፍተኛው ደረጃ የታየው በ1862 ነው። በሳውዝ ኬንዚንግተን በተከፈተው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የፎቶግራፍ ማንሳት መብቱን ብቻውን የገዛው የለንደን ስቴሪዮስኮፒክ ኩባንያ ነበር። ዋናው ፎቶግራፍ አንሺው ዊልያም ኢንግላንድና ባልደረቦቹ 350 ያህል የስቴሪዮ ምስሎች አዘጋጁ፤ ከእነዚህም ሐውልቶች ሰፊውን ድርሻ ያዙ።

ከሁሉ የተወደደችው ሚላናዊው ፒየትሮ ማኚ የቀረጻት «አንባቢዋ ልጅ» ናት። ተራ የገለባ ወንበር ላይ በጎን ተቀምጣ፣ መጽሐፏን የወንበሩ መደገፊያ ላይ አስደግፋ ታነባለች። አማልክት የሉ፣ ጀግና የለ፤ የሌሊት ልብሷ ከትከሻዋ ወርዷል፣ አንገቷ ላይ የኢጣሊያ አንድነት ታጋይ የጋሪባልዲ ምስል ያለበት ሜዳሊያ አለ። በካርዱ ላይ የወንበሩ እግሮች አንዱ ከሌላው ኋላ በየርቀታቸው ይቆማሉ፤ የገለባው ጉንጉን አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ የልጅቷ ግንባር ወደ መጽሐፉ ማዘንበሉ፣ በዓይኗና በገጹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ በግልጽ ይታያል። ያን ቦታ ካላዩ ማንበቧን አያምኑም። ኤግዚቢሽኑን የመጎብኘት ዕድል ያላገኙ ቤተሰቦችም ይህችን ልጅ ሳሎናቸው ውስጥ ሊያዩዋት ቻሉ።

በዚያው አዳራሽ ኦወን ጆንስ በነደፈው ትንሽ ቤተ መቅደስ ውስጥ የጆን ጊብሰን «ቀለም የተቀባች ቬኑስ» ቆማ ነበር። ጊብሰን የጥንት ግሪኮችን ተከትሎ ለእብነ በረዷ የሥጋ ቀለም፣ ሰማያዊ ዓይንና ወርቃማ ጸጉር ሰጥቷት ነበርና ሕዝቡ በሁለት ተከፈለ። ፎቶግራፉ ግን ጥቁርና ነጭ ነው፤ የጠቡ ምክንያት የሆነው ቀለም ካርዱ ላይ የለም። አንዳንድ ካርዶች በእጅ ቀለም ስለተቀቡ እንጂ የማያውቅ ሰው ቬኑሷን እንደ ሌሎቹ ነጭ ናት ብሎ ያልፋት ነበር። ከአጠገቧ የቆመችው የጥንቷ የሶርያ ከተማ የፓልሚራ ንግሥት ዘኖቢያ ደግሞ የጊብሰን ተማሪ የነበረችው የአሜሪካዊቷ ሃሪየት ሆስመር ሥራ ናት። ሴት እንዲህ ያለ ግዙፍ ሥራ ልትሠራ አትችልም፣ ረዳቶቿ ናቸው የሠሩት የሚል ወሬ በጋዜጣ ሲወጣ ሆስመር በስም ማጥፋት ከስሳ እንዲስተካከል አስገደደች።

ከ1862 በኋላ ገበያው ወደ ትንንሽ የሰው ፎቶግራፎች አዘነበለ፤ ቤተሰቦች የታዋቂ ሰዎችንና የራሳቸውን ምስል በአልበም መሰብሰብ ያዙ። ቀሪውን እሳት ጨረሰው። በዲሴምበር 1866 የሲደንሃም ሕንፃ የሰሜን ክንፍ ተቃጠለ፤ የአቡ ሲምበል ግዙፎችም አብረው ጠፉ። ክሎዴ በዲሴምበር 1867 ሞተ፤ ወር ሳይሞላው በሪጀንት ጎዳና ያለው ስቱዲዮው ተቃጥሎ አብዛኛው ሥራው ወደመ። ኖቬምበር 30 ቀን 1936 ደግሞ ክሪስታል ፓላስ እንዳለ ነደደ። ዛሬ በኮረብታው ላይ ያሉት ደረጃዎች፣ እርከኖችና ጥቂት ስፊንክሶች ናቸው።

የታወቁት እብነ በረዶች ግን አልጠፉም። የፓወርስ «የግሪኳ ባሪያ» የመጀመሪያ ቅጂ በእንግሊዝ ሬቢ ካስል፣ የጊብሰን ቬኑስ በሊቨርፑል ዎከር ጋለሪ፣ የማኚ አንባቢ አንደኛዋ ቅጂ በዋሽንግተን ብሔራዊ ጋለሪ ይገኛሉ። የጠፋው የቆሙበት ሁኔታ ነው፤ መጋረጃው፣ ከላይ የሚወርደው ብርሃን፣ ከጎናቸው የነበረው ማሽንና ምሰሶ፣ ተመልካቹ ይቆምበት የነበረው ርቀት። የሲደንሃም ጄሶዎች ደግሞ ብዙዎቹ ራሳቸው የሉም። ስለዚህ የቪክቶሪያን ዘመን ቅርጻ ቅርጽ የሚያጠና ሰው እነዚህን ካርዶች የሳሎን መጫወቻ ብሎ ሊያልፋቸው አይገባም። የዘመኑ ካታሎግ የሐውልቱን ስምና የቀራጺውን አገር ይነግረዋል፤ ጋዜጣው የተቺውን አስተያየት ይነግረዋል፤ ሐውልቱ አዳራሹ ውስጥ ምን ያህል ቦታ ይዞ፣ ከምን ርቆና ለምን ቀርቦ ይቆም እንደነበር በዓይን የሚያሳየው ማስረጃ ግን ጥንዱ ፎቶግራፍ ነው።